በውኃ ውስጥ የሚዘረጋ መደብ፤ ለመስተዋት ኩሬ አፈርና አሸዋ ስለ መምረጥ



በትምህርት ቤት ክፍል ጥግ የሚቆም አንድ የመስተዋት ሣጥን፣ በውስጡም ጥቂት ዓሦችና ጥቂት አረንጓዴ ዕፆች ቢኖሩበት፣ ስለ ሕይወት ለማስተማር ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች መካከል ዋጋው ከሚያንሰው ጥቅሙ ከሚበዛው ጋር ይቈጠራል። ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን የአየርና የምግብ ዑደት በዓይኑ እያየ ይከታተለዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሣጥን በታላቅ ተስፋ ተሞልቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ውኃው ሲደፈርስ፣ ዕፁ ሲበሰብስ፣ ዓሣውም ሲሞት የሚታይበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ ጥፋቱ በዓሣው፣ በምግቡ ወይም በውኃው ላይ ይላከካል። ከሥር የተነጠፈውን ነገር ግን የሚጠረጥረው ጥቂት ሰው ነው። ከሥር ያለው ብዙውን ጊዜ የተመረጠው ለዓይን ስላማረ ብቻ ነውና።

የዚህ ንግግር ዓላማም ስለዚሁ ከሥር ስለሚነጠፈው ነገር፣ ማለትም ስለ መደቡ መናገር ነው። አትክልተኛ ችግኙን የሚተክልበትን ከፍ ያለ የአፈር ስፍራ መደብ ይለዋል፤ በውኃ ውስጥ ለሚበቅለው ዕፅም የሚያስፈልገው መደብ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በየብስ ላይ የታወቀ አፈር ውኃ ከተኛበት በኋላ ያው አፈር ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ መደብ የሚመረጥ ሰው የሚጠይቀው «ይህ አፈር መልካም ነውን?» ብሎ ሳይሆን «ይህ አፈር ውኃ ሲተኛበት ምን ይሆናል?» ብሎ መሆን አለበት።

ነገሩ በአየር ላይ የተንጠለጠለ እንዳይሆን ቦታ መወሰን ይገባል። በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ከተማ በሆነችው በአገና የሚያስተምር አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሳይገዛ፣ በአካባቢው ካለው አፈርና ድንጋይ ብቻ የመስተዋት ኩሬ ሊያዘጋጅ ቢነሣ ምኑን ይምረጥ? ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው። በሐተታው ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. የመስተዋት ኩሬ ጥንተ ነገር

የመስተዋት ኩሬ በሳይንስ መሠረት ላይ የቆመው በለንደን ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1849 ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችን ቫሊስኔሪያ ከሚባለው የውኃ ሣር ጋር በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ አኖረ። በዕቃው ሥር አሸዋና ጭቃ አንጥፎ፣ ድንጋይም ጨምሮበት ነበር። ዕፁ ለዓሣው ኦክሲጅን ሲሰጥ፣ ዓሣው በበኩሉ ለዕፁ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ፍግ ይሰጣል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የረገፈው ቅጠል መበስበስ ሲጀምርና ውኃው ሲበላሽ፣ ዋሪንግተን የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ፤ ሚዛኑም ተስተካከለ። ውጤቱንም በ1850 ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር ገለጸ።

ከዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ሦስቱ ፍጡራን እርስ በርሳቸው መረዳዳታቸው ብቻ አይደለም። ሥር የሰደደው ዕፅ የቆመው በጭቃና በአሸዋ ላይ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በኋላ ዘመን የአየር መንፊያና የማጣሪያ መሣሪያ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ብዙ ሰዎች ከሥር ታጥቦ የጠራ ጠጠር ብቻ ማንጠፍን ለመዱ። ጠጠሩ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ለዕፅ ባዶ ማዕድ ነው። በ1999 ዲያና ዋልስታድ የተባሉ አሜሪካዊት ስለ ዕፅ አኳሪየም ሥነ ሕይወት ባሳተሙት መጽሐፍ ከሥር ተራ አፈር፣ ከላይ ስስ ጠጠር ማድረግ እንደሚበጅ በሰፊው አስረድተዋል። እንዲህ በማለታቸውም ነገሩን ወደ ጥንቱ መለሱት ማለት ይቻላል።

2. አፈር ውኃ ሲተኛበት

ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። በመሆኑም አፈር በውኃ በተሸፈነ ጊዜ በውስጡ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ያለውን ኦክሲጅን በጥቂት ሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ ኦክሲጅን ሳይሹ መኖር የሚችሉት ይነግሣሉ። እነዚህም መጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝን፣ ቀጥሎ ብረትን፣ ከዚያም ሰልፌትን ይጠቀማሉ፤ በመጨረሻ ከብስባሹ ሚቴን የሚባለው ጋዝ ይወጣል።

ይህ ትምህርት ለአገና ሰው እንግዳ አይደለም። እንሰት ተፍቆ በቅጠል በተደለደለ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበረው፣ በላዩም ቅጠል ለብሶ ድንጋይ የሚጫነው፣ አየር እንዳይገባው ነው። አየር በሌለበት ስፍራ የሚሠሩት ተሕዋስያን የእንሰቱን ፍቅፋቂ አብላልተው ቆጮ ያደርጉታል። የቤቱ እመቤት ጉድጓዱን በየጊዜው እየከፈተች ማየቷ፣ ቅጠሉንም መለወጧ፣ በዚያ በጨለማ ውስጥ የሚሠራው ኃይል ጠቃሚም ጎጂም ሊሆን እንደሚችል ስለምታውቅ ነው። በመስተዋቱ ኩሬ ሥር የሚሆነውም ከዚህ የሚዛመድ ነገር ነው። ቆጮው እንዲብላላ ይፈለጋል፤ መደቡ ግን በልኩ ብቻ እንዲብላላ ነው የሚፈለገው።

ልኩ ከታለፈ ምን ይሆናል? መደቡ ጥልቅና የታመቀ ከሆነ፣ ብስባሽም ከበዛበት፣ ሰልፌቱ ወደ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይለወጣል። ይህ የተበላሸ ዕንቍላል የሚሸት ጋዝ የዕፁን ሥር ያጠቁራል፤ ዓሣንም ይገድላል። በሌላ በኩል ልኩ ከተጠበቀ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። በቀይ አፈር ውስጥ እንደ ዝገት የተያዘው ብረት አየር ሲያጣ ሟሚ ወደ ሆነ ዓይነት ይለወጣል፤ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የኖረው ፎስፎረስም አብሮ ይፈታል። በየብስ ላይ ለገበሬው እምቢ ያለው ፎስፎረስ በውኃ ሥር ለዕፁ እሺ አለ ማለት ነው።

በዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም በፊሊፒንስ ይሠሩ የነበሩት ፖናምፔሩማ በ1972 ስለ ውኃ ለበስ አፈር ኬሚስትሪ ባቀረቡት ሰፊ ጥናት ሌላም ነገር አስረድተዋል። ኮምጣጣ አፈር ውኃ ሲተኛበት ኮምጣጣነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጨዋማ ሳይሆን በኖራ የጠነከረ አፈርም በአንጻሩ እየለዘበ ወደ መካከለኛው ይቀርባል። ይህ ለደጋው ሰው የሚያጽናና ቃል ነው። ዝናብ የሚበዛበት የጉራጌ ደጋ አፈር ኮምጣጣነት ያጠቃዋልና፤ በማሳ ላይ ኖራ የሚያስፈልገው ያ አፈር በመስተዋቱ ኩሬ ውስጥ ያን ያህል አያስቸግርም። በአገራችን ይህ የውኃ ለበስ አፈር ጠባይ በግልጽ የሚታይበት ስፍራ በጣና ሐይቅ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። በዚያ ክረምት ውኃ በሚተኛበት ጥቍር አፈር ላይ ሩዝ ይበቅላል። ሩዙ የማይታፈነው በአገዳው ውስጥ ባለው ክፍት ቧንቧ አየር ወደ ሥሩ ስለሚያወርድ ነው። በኩሬ ውስጥ ሥር የሚሰዱት ዕፆችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ በደንብ የተተከለ መደብ ራሱን በራሱ ያስተነፍሳል።

3. በአካባቢው የሚገኙት ነገሮች ሲመዘኑ

የጉራጌ ተራሮች ውኃ ከፋይ ናቸው። በምዕራብ የሚወርደው ዋቤን ይዞ ወደ ግቤና ኦሞ ይሄዳል፤ በምሥራቅ የሚወርደው በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። አገና በምዕራቡ በኩል፣ ቡታጅራ ደግሞ በምሥራቁ በኩል በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ተራራውን ለተሻገረ ሰው የሚገኘው የአፈርና የድንጋይ ዓይነት ብዙ ነው። እያንዳንዱን በየተራ መመልከት ይገባል።

ሀ) ቀይ አፈር። ይህ በብረት የበለጸገ፣ ብስባሹ መጠነኛ የሆነ፣ ሲታሸት በእጅ የሚፈርስ አፈር ነው። ብረትና ፎስፎረስ በውኃ ሥር እንደሚፈታ ከላይ ተገልጿል። ከታች ለሚነጠፈው ንብርብር ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የጀርመን የአኳሪየም ባለሙያዎች ላተራይት የሚባለውን የሐሩር አገር ቀይ አፈር ለመደብ እንዲሆን በዋጋ ይሸጡ ነበር። ላተራይት የሚለውን ስም በ1807 ያወጣው በደቡብ ሕንድ የተዘዋወረው ቡካናን ነው። የአገናው ቀይ አፈርና ላተራይት አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሆኖም ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ብረት በሁለቱም አለ። በሌላው አገር በዋጋ የሚገዛው እዚህ ከደጃፍ ይታፈሳል።

ለ) ጥቍር አፈር። በሸዋ መረሬ ወይም ኮትቻ፣ በሰሜን ዋልካ የሚባለው ይህ አፈር በንጥረ ነገር ሀብታም ነው። ነገር ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በውኃ ውስጥ ሲነካካም እንደ ደመና ይነሣና ለቀናት አይረጋም። ብቻውን መደብ ቢሆን ሥር እስኪታፈን ድረስ ይታመቃል። በቀይ አፈር ላይ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ቢደባለቅ ንጥረ ነገር የመያዝ ችሎታውን ያዋጣል፤ ከዚያ ማለፍ ግን አይገባም።

ሐ) የእንሰት ጓሮ አፈር። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአገሩ ሰው ዘንድ መልካም አፈር ማለት በቤት ዙሪያ ለዘመናት ፍግ የተሰጠው፣ የጠቆረውና የለሰለሰው የእንሰት መሬት ነው። ለእንሰት እውነት ነው፤ ለመስተዋት ኩሬ ግን ይህ ጥጋብ መርዝ ይሆናል። ፍጉ በውኃ ሥር ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፤ ኦክሲጅኑን ይሻማል፤ የሸተተውን ጋዝም ያመጣል። ስለዚህ አፈሩ ፍግና ማዳበሪያ ካልደረሰው፣ የአረምና የተባይ መድኃኒት ካልተረጨበት ስፍራ መወሰድ አለበት። የጀፎረ መሬት ግን አይነካም። እርሱ የከብት መዋያ በመሆኑ ፍግ የማያጣው ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የአገሩ ደንብ የሚጠብቀው የጋራ ስፍራ ስለሆነም ነው።

መ) የወንዝ አሸዋ። ይህ ከአፈሩ በላይ ለሚለብሰው ንብርብር የሚመረጥ ነው። ራሱ ምግብ አይሰጥም፤ ሥራው አፈሩን አፍኖ ይዞ ውኃውን ማጥራት ነው። መጠኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው። ዱቄት የመሰለ ከሆነ ይታመቃል፤ ከ5 ሚሊሜትር የበለጠ ከሆነ ደግሞ ቆሻሻው ወደ ታች ይሰርጋል፣ አፈሩም በቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣል። ከግንባታ ቦታ የሚወሰድ ከሆነ ሲሚንቶ ያልነካው መሆኑ ይረጋገጥ፤ ሲሚንቶ ውኃውን አብዝቶ አልካላይን ያደርጋልና።

ሠ) የእሳተ ገሞራ ጠጠር። በቡታጅራ አካባቢ ያለው ሜዳ የጥንት እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ ሐረ ሸይጣን የሚባለው በጉድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅም የዚሁ ምስክር ነው። የግንባታ ሰዎች ሬዳሽ የሚሉት ቀይ ብስ ጠጠር ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ለጠቃሚ ባክቴሪያ መኖሪያ ይሆናል። ተደቅቆና ታጥቦ በአሸዋ ፋንታ ሊለብስ ይችላል። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ግን ከሥር እየማሰ ምግቡን ለሚፈልግ ዓሣ አይስማማም። ለብሎኬት የሚውለው ነጩ ፑሚስ ደግሞ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ለብዙ ጊዜ ተነክሮ ካልሰጠመ በቀር ለመደብ አይሆንም።

ረ) እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ። ነጭ ሆነው ዓይን ስለሚስቡ ብዙ ሰው ይመርጣቸዋል። ነገር ግን በውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሙ ውኃውን ያከብዱታል። ምርመራው ቀላል ነው፤ በድንጋዩ ላይ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ሲንጠባጠብበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ካሉት እንደ አብያታና ሻላ ካሉ የሶዳ ሐይቆች ዳርቻ የሚወሰድ አሸዋም ጨውና ሶዳ ስለተሸከመ መወሰድ የለበትም።

4. ከወንዝ ጭቃ ስለ መጠንቀቅ

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። የውኃ ዕፅ የሚበቅለው በወንዝና በኩሬ ጭቃ ላይ ስለሆነ፣ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ወንዝ ወርዶ ያንኑ ጭቃ ቢያመጣ የተሻለ ይመስለው ይሆናል። ይህ አደገኛ አሳብ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ወንዞችና ኩሬዎች ውስጥ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድጉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውኃ ውስጥ ሲዋኝ ቆይቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ጭቃውን ለማውጣት በውኃ ውስጥ የሚቆመው ልጅ፣ በኋላም እጁን በመስተዋቱ ኩሬ ውስጥ የሚያስገባው ልጅ ሁለቱም ለአደጋ ይጋለጣሉ። ጭቃውን በፀሐይ ማድረቅም ሙሉ መድን አይሆንም፤ ከእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አንዳንዶቹ ውኃ በሌለበት ለሳምንታት ተሸሽገው መቆየት ይችላሉ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው። ለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ኩሬውን በእንዶድ አነጻለሁ እንዳይል ያስፈልጋል፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። መፍትሔው ቀድሞ መጠንቀቅ ነው። አፈሩ ከየብስ ይወሰድ፤ አሸዋውም ደርቆ ከተከመረበት ይምጣ። ዕፁ ከታወቀ ንጹሕ ስፍራ ተገኝቶ፣ በቅጠሉ ሥር የተለጠፈ የቀንድ አውጣ ዕንቍላል አለመኖሩ እየታየ፣ ለብቻው በሳፋ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ይቆይ።

ስለ ዕፅ ከተነሣ ዘንድ እምቦጭን ለኩሬ ማምጣት ፈጽሞ አይገባም። መደብ የማይፈልግና በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ መሆኑ ቀላል ያስመስለዋል። በ1965 በቆቃና በአዋሽ የታወቀው፣ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ የታየው ይህ አረም ምን ያህል ጥፋት እንዳደረሰ ሁሉም ያውቃል። የማንኛውም የመስተዋት ኩሬ ትርፍ ዕፅም ተቃጥሎ ወይም በየብስ ተቀብሮ እንጂ ወደ ወንዝ ተጥሎ አይወገድም።

5. አሠራሩ

እንግዲህ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታውም 30 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን ይታሰብ። ይህ እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ይይዛል። በ3 ሳንቲሜትር ውፍረት አፈር ለማንጠፍ 5.4 ሊትር፣ በላዩ በዚያው ውፍረት አሸዋ ለማልበስም 5.4 ሊትር ያስፈልጋል። ጠቅላላ የመደቡ ውፍረት 6 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ከ7 ባይበልጥ ይመረጣል። ሣጥኑ ከነመስተዋቱ፣ ከነመደቡና ከነውኃው ከ60 ኪሎግራም በላይ ስለሚመዝን የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጽኑና የተስተካከለ ይሁን። ከተሞላ በኋላ ማንሣት መስተዋቱን ያሰነጥቃል።

አፈሩ ከመግባቱ በፊት ሊመረመር ይገባል። አንድ ጠርሙስ እስከ ሲሶው አፈር፣ የቀረው ውኃ ተደርጎበት በኃይል ተንጦ ይቀመጥ። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ያህል ከሥር ይረጋል፤ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው በቀናት ይረጋል። በማግሥቱም ውኃው እንደ ቡና ድፍርስ ሆኖ ከቆየ ሸክላው በዝቷልና አሸዋ ይጨመርበት፣ ወይም ሌላ አፈር ይፈለግ። በላዩ ብዙ ሥራሥርና ገለባ ከተንሳፈፈም ብስባሹ በዝቷል ማለት ነው።

የተመረጠው አፈር በፀሐይ ይሰጣ፤ በ3 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋ። ከዚያ በባልዲ ውኃ ተነክሮ የሚንሳፈፈው ይጣል፣ ውኃውም ይደፋ፣ አፈሩ እንደገና ይሰጣ። ይህ ማራስና ማድረቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢደገም በአፈሩ ውስጥ ያለው በቀላሉ የሚበሰብስ ነገር ቀድሞ ያልቃል፤ በኩሬው ውስጥ ሊነሣ የሚችለው ችግር በባልዲው ውስጥ ይቀራል። አሸዋው ደግሞ የሚታጠበው ውኃ ጥርት እስኪል ድረስ፣ ቢያስፈልግ አሥርና አሥራ ሁለት ጊዜ ይታጠብ። በዚህ ላይ የሚቆጠብ ጉልበት ኋላ በድፍርስ ውኃ ይከፈላል።

አፈሩ እንደ ሊጥ ርሶ ይነጠፍ፤ በመስተዋቱ ፊት በኩል ጥቂት ሳስ ይበል። አሸዋው በላዩ በእኩል ይልበስ። ውኃው ሲጨመር አሸዋውን እንዳይቦረቡረው ሳህን ወይም ቁራጭ የእንሰት ቅጠል ተደርጎ በዝግታ በዚያ ላይ ይፍሰስ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ይደር። ዕፁ ብዙ ሆኖ ወዲያው ይተከል። የአፈሩን ትርፍ ንጥረ ነገር ዕፁ ፈጥኖ ካልወሰደው ዋግ መሰል አረንጓዴ ልምላሜ ይወስደዋልና። ፀጉራም ቅጠል ያለውና ሥር የሌለው ሴራቶፊለም የሚባለው ዕፅ በአገራችን ውኃዎች የሚገኝ ሲሆን፣ ምግቡን ከውኃው በቅጠሉ ስለሚወስድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ይረዳል።

ዓሣ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት አይግባ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በመደቡ ላይ ይራባሉ። በጃፓን ታካሺ አማኖ በ1982 ባቋቋሙት ኩባንያ የሚሠራው ታዋቂ የተጠበሰ የአፈር እንክብል እንኳ በመጀመሪያ ሳምንታት አሞኒያ ስለሚለቅ ውኃው ደጋግሞ መለወጥ አለበት። ውዱም ርካሹም አፈር በዚህ አንድ ሕግ ሥር ናቸው፤ ትዕግሥትን በገንዘብ መግዛት አይቻልም።

የዓሣው ምርጫም ከመደቡ ጋር የተያያዘ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሰበታ የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ የቆሮሶ ጫጩት የሚራባበት ስፍራ በመሆኑ የመምህሩ አሳብ መጀመሪያ ወደ ቆሮሶ ይሄድ ይሆናል። ነገር ግን ወንዱ ቆሮሶ ለመራባት ሲዘጋጅ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ክብ ጎጆ ይቆፍራል፤ መደቡ ይገለበጣል፣ ዕፁም ይነቀላል። ከዚህም በላይ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን እድገቱ ስለሚዳከም የአገና የሌሊት ብርድ አይስማማውም። ለተተከለ ኩሬ የሚበጁት የማይቆፍሩና ትንንሽ ሆነው የሚቀሩ ዓሦች ናቸው፤ ቍጥራቸውም ጥቂት ይሁን።

6. ለማስተማሪያነት

መምህሩ አንድ ሣጥን ብቻ ከሚያቆም ይልቅ አስቀድሞ አራት ጠርሙሶችን ቢያቆም ትምህርቱ ይሰፋል። በአንደኛው አሸዋ ብቻ፣ በሁለተኛው ቀይ አፈር ከአሸዋ በታች፣ በሦስተኛው ጥቍር አፈር ከአሸዋ በታች፣ በአራተኛው የእንሰት ጓሮ አፈር ከአሸዋ በታች ይደረግ። በሁሉም አንድ ዓይነትና እኩል ርዝመት ያለው ዕፅ ተተክሎ በአንድ መስኮት ሥር ይቀመጡ። ዓሣ ስለማይገባባቸው የሚጎዳ ፍጡር የለም። ተማሪዎች በየሳምንቱ የዕፁን ርዝመት ይለኩ፤ የውኃውን ጥራትና ሽታ ይመዝግቡ። ቀዩ አፈር በመስተዋቱ ጎን በኩል ቀስ በቀስ ወደ ግራጫ ሲለወጥ ያያሉ፤ ይህም ብረቱ መፈታቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። በሥሮቹ ዙሪያ ግን እንደገና ቀላ ያለ የዝገት ቀለበት ቢያዩ፣ ዕፁ አየር ወደ ታች ማውረዱን በዓይናቸው አዩ ማለት ነው።

ከአራቱ መካከል የእንሰቱ ጓሮ አፈር ውኃውን ቢያሸት፣ ተማሪው ቤቱ ሄዶ ወላጆቹ የሚያከብሩትን አፈር እንዳይንቅ መምህሩ ማስረዳት ይገባዋል። አፈሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያለቦታው ገብቶ ነው እንጂ። እናቱ የቆጮውን ጉድጓድ በቅጠል ስትደፍን፣ አባቱም ፍጉን ለእንሰቱ ሲሰጥ የሚሠሩበት ዕውቀትና በመስተዋቱ ኩሬ የሚታየው ሕግ አንድ ነው። ልዩነቱ አየሩ የሚፈለግበትና የማይፈለግበት ስፍራ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ መሣሪያ እጥረት እንዳለ ይታወቃል። እጥረቱ ግን ሁልጊዜ የዕቃ አይደለም። ቀዩ አፈር ከደጅ፣ አሸዋው ከተከመረበት፣ ብሱ ጠጠር ከተራራው ማዶ አለ። የሚጎድለው እነዚህን ለይቶ የሚያውቅና ለምን እንደ መረጣቸው ምክንያቱን የሚናገር ሰው ነው። መደቡን በመልኩ የመረጠ መምህር ኩሬው ሲበላሽ ለተማሪው የሚነግረው ምክንያት አይኖረውም። በጠባዩ የመረጠ መምህር ግን ኩሬው ቢበላሽ እንኳ ያስተምርበታል፤ ከየት እንደ ተበላሸ ያውቃልና። አዲስ ኩሬ ለማቆም የሚያስብ አባል ሁሉ ሥራውን ከመስተዋቱ ሳይሆን ከባልዲው አፈር ቢጀምር፣ የዚህ ንግግር ዓላማ ተፈጸመ ማለት ነው።